ግልጽ ደብዳቤ፦ የጆኪዎች የክብደት ልክ ከፍ ይበል

ይድረስ ለአሜሪካ የፈረስ እሽቅድምድም ታማኝነትና ደህንነት ባለሥልጣን (ሂሳ)
ይድረስ በየክፍለ ግዛቱ ላሉ የእሽቅድምድም ኮሚሽኖች
ግልባጭ፦ የፈረስ ግልቢያ ለሚወዱ አማርኛ አንባቢዎች

የተከበራችሁ ኃላፊዎች፣

ጤና ይስጥልኝ። የዚህ ደብዳቤ የእንግሊዝኛ ቅጂ በፖስታ ይደርሳችኋል። በአማርኛ ያወጣሁት ደግሞ ወገኖቼም እንዲያነቡት ብዬ ነው። እዚህ አሜሪካ ያለን ብዙዎቻችን በየዓመቱ በሜይ የመጀመሪያ ቅዳሜ ኬንታኪ ደርቢ የሚባለውን ትልቅ የፈረስ እሽቅድምድም በቴሌቪዥን እናያለን። ሁለት ደቂቃ ነው፣ ወዲያው ያልቃል። ያሸነፈውን ፈረስ ስም እንይዛለን። ጀርባው ላይ የነበረው ሰው ከየት መጣ፣ ትናንት ማታ ምን በልቶ አደረ ብሎ የሚጠይቅ ግን ብዙ አላየሁም።

እኔ ምሥራቅ አሜሪካ ውስጥ ባለ አንድ የእሽቅድምድም ሜዳ ጓሮ፣ የሠራተኞች ካፌ ውስጥ ለዓመታት ምግብ አብስያለሁ። የሜዳውን ስም አልጠራም፤ ጉዳዬ ከአንድ ሜዳ ጋር አይደለምና። የምጠይቃችሁ አንድ ነገር ነው። ፈረስ በውድድር ላይ እንዲሸከም የሚፈቀደው ዝቅተኛ ክብደት ከፍ ይበል። ልኩ ዝቅ ባለ ቁጥር ዕዳውን የሚከፍለው የውድድር ጋላቢው፣ ጆኪ የሚባለው ሰው ነው፤ የሚከፍለውም በረሃብ ነው። ከጋላቢዎቹ ብዙዎቹ ደግሞ ከሰው አገር የመጡ ናቸው። «ይሄ በዛብኝ» ለማለት አቅም የላቸውም። ስለዚህ ልኩን ማንሳት ያለባችሁ እናንተ ናችሁ።

ነገሩን በአንድ ሰው ሕይወት ላሳይ። ላፊት ፒንካይ ጁኒየርን እናንተ አሳምራችሁ ታውቁታላችሁ። አማርኛ አንባቢ ግን ምናልባት ስሙን ሰምቶ አያውቅም። ስለዚህ ትንሽ ታገሡኝ። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ፒንካይ በ1946 ፓናማ ሲቲ ተወለደ። አባቱም ጆኪ ነበሩ። ወላጆቹ ሲለያዩ አባቱ ወደ ቬኔዙዌላ ሄዱ፣ ልጁ ከእናቱ ጋር ቀረ። ጎረምሳ ሲሆን ፕሬዚደንቴ ሬሞን ወደሚባለው የፓናማ ሜዳ ሄዶ ያለ ደሞዝ መሥራት ያዘ። ሥራው ፈረስ ማንሸራሸርና ጋጣ ማጽዳት ነበር። በ1964 የመጀመሪያ ድሉን አገኘ። ከሁለት ዓመት በኋላ ፍሬድ ሁፐር የሚባሉ የታወቁ የፈረስ ባለቤት ኮንትራት ሰጥተው ወደ አሜሪካ አስመጡት። ሺካጎ አጠገብ በነበረው አርሊንግተን ፓርክ ጀመረ። ከመጀመሪያዎቹ 11 ግልቢያዎች 8ቱን አሸነፈ። ገና የ19 ዓመት ልጅ ነበር።

ከእሱ በፊት መንገዱን የጠረጉ የአገሩ ልጆች ነበሩ። ማኑኤል ኢካዛ ነበር። ብራውሊዮ ባኤዛ ነበር፤ ባኤዛ በ1963 ቻቶጌ በሚባል ፈረስ ኬንታኪ ደርቢን ሲያሸንፍ ከላቲን አሜሪካ የመጣ የመጀመሪያው አሸናፊ ጆኪ ሆነ። ፓናማ ትንሽ አገር ናት። ከዚያች ትንሽ አገር ይህን ያህል ጋላቢ መውጣቱ እስካሁን ይገርመኛል። ዛሬ እዚያው ፓናማ በፒንካይ ስም የተሰየመ የጆኪዎች ማሠልጠኛ አለ። እንደ ሉዊስ ሳኤዝ ያሉትን ያፈራው እሱ ነው። ሳኤዝ ቤልሞንት ስቴክስ የሚባለውን ትልቅ ውድድር በ2021 እና በ2024 አሸንፏል።

ወደ ፒንካይ ልመለስ። በ1973 ሻም የሚባል ግሩም ፈረስ ደርሶት ነበር። ያ ዓመት ግን ሴክሬታሪያት የሚባለው ሌላ ፈረስ ዓመት ሆነ። ሻም በደርቢውም፣ ፕሪክነስ በሚባለው ትልቅ ውድድርም ሁለተኛ ወጣ። ቤልሞንት ላይ ሴክሬታሪያት በ31 የፈረስ ርዝመት ርቆ ሲያሸንፍ ሻም መጨረሻ ገባ። ሰው እንደዚህ ዓይነት ዓመት ካሳለፈ በኋላ ቅስሙ ይሰበራል። ፒንካይ ግን በዚያው ዓመት ከአገሪቱ ጆኪዎች ሁሉ የበለጠ የሽልማት ገንዘብ አስገኘ። በ1975 ገና በ28 ዓመቱ የክብር መዝገብ ውስጥ ገባ። በ1979 አፈርምድ የሚባለውን ፈረስ ይዞ ሰባት ጊዜ በተከታታይ አሸነፈ። ቤልሞንትን በ1982፣ በ1983 እና በ1984 ሦስት ዓመት አከታትሎ ወሰደ። ኬንታኪ ደርቢን ግን ለዓመታት ሞክሮ አጥቶት ቆይቶ በ1984 ስዌል በሚባል ፈረስ አገኘው። ያ ፈረስ ቤልሞንትን ባሸነፈ በስምንተኛው ቀን በድንገት ሞተ። ይህን ሳነብ ሁሌ ልቤ ይነካል።

ከዚያ ዕድሜ መጣ። ጥሩ ጥሩ ፈረሶች ወደ ወጣቶቹ ሄዱ። ፒንካይ አልተወም። ዲሴምበር 10 ቀን 1999 ሆሊውድ ፓርክ ላይ አይሪሽ ኒፕን ጋልቦ 8,834ኛ ድሉን አገኘ። ለ29 ዓመት የአንጋፋው ጆኪ የቢል ሹሜከር የነበረው ክብረ ወሰን ተሰበረ። ሹሜከር በመኪና አደጋ ሽባ ሆነው ነበርና በተሽከርካሪ ወንበር ሆነው ደስታውን ሊካፈሉ መጡ። ፒንካይ 53 ዓመት ሊሞላው ጥቂት ቀናት ቀርተውት ነበር። ከዚያም በኋላ ከሦስት ዓመት በላይ ጋለበ። ማርች 2003 ሳንታ አኒታ ላይ ወደቀ። አንገቱ መሰበሩ የታወቀው ከቀናት በኋላ ነበር። በ56 ዓመቱ በ9,530 ድል ተሰናበተ።

እንዲህ ያለ ሰው ነው። አሁን ወደ ሆዱ ልምጣ።

ፒንካይ አጥንቱ ሰፊ፣ ጡንቻው የዳበረ ሰው ነበር። ለጆኪነት የተፈጠረ አካል አልነበረም። ሆኖም ከ30 ዓመት በላይ ራሱን 117 ፓውንድ አካባቢ ይዞ ኖረ። ወደ 53 ኪሎ መሆኑ ነው። በቀን ከ1,000 ካሎሪ በታች እየበላ ያሳለፋቸው ዓመታት ብዙ ናቸው። በሜዳው ሰዎች ዘንድ ሲነገር የኖረ አንድ ታሪክ አለ። አውሮፕላን ውስጥ አስተናጋጇ ለሁሉም ኦቾሎኒ ታድላለች። ፒንካይ ከከረጢቱ አንዲት ፍሬ ያወጣል። ለሁለት ይከፍላታል። ግማሿን ይበላል። ሌላኛዋን ግማሽ ለኋላ ያስቀምጣል። ከረጅም ሰዓት በኋላ እሷን ይበላል። እራቱ እሷ ነበረች።

ይህን ታሪክ ሰው ሁሉ በአድናቆት ያወራዋል። ዲሲፕሊኑን፣ ወኔውን ያነሳል። እኔም ሰውየውን አከብራለሁ። ታሪኩ ግን ያሳምመኛል። ምክንያቱም ምግብ አብሳይ ነኝ። በዓለም ላይ አንደኛ የሆነ ስፖርተኛ፣ በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠር ዶላር ለባለቤቶች ያስገኘ ሰው፣ ግማሽ ኦቾሎኒ ለኋላ ያስቀምጣል። ለምን? ሚዛኑ ላይ የተጻፈ ቁጥር ስላለ። ያንን ቁጥር ደግሞ የጻፈው ሰው ነው።

ለማያውቀው አንባቢ አሠራሩን ላስረዳ። እያንዳንዱ ውድድር ፈረሱ የሚሸከመው ክብደት ይቆረጥለታል። በኬንታኪ ደርቢ 126 ፓውንድ ነው፣ ወደ 57 ኪሎ። በተራ ውድድሮች ብዙውን ጊዜ ከዚያ ያነሰ ይሆናል። ጆኪው ከውድድሩ በፊት ኮርቻውን ታቅፎ ሚዛን ላይ ይወጣል። ከውድድሩ በኋላም እንደገና ይወጣል። ስለዚህ ኮርቻው ሲቀነስ ለሰውየው ራሱ የሚቀረው ክብደት ከተጻፈው ያነሰ ነው። ተለማማጅ ጆኪ ደግሞ ልምድ ስለሌለው ማካካሻ ተብሎ እስከ 10 ፓውንድ ይቀነስለታል። አሠልጣኞች ተለማማጁን የሚፈልጉት ለዚህ ነው። ይህ ለጀማሪ መልካም ዕድል ይመስላል። ነገር ግን ገና በማደግ ላይ ላለ ልጅ «አትደግ» ማለት ነው።

ኪሎው እንዴት እንደሚወርድ እናንተ ታውቃላችሁ። በሳውና ነው። በነሐሴ ሙቀት ላስቲክ ልብስ ለብሶ በመሮጥ ነው። ሽንት በሚያበዛ ኪኒን ነው። የበሉትን መልሶ በማስወጣት ነው። በአንዳንድ ሜዳዎች የጆኪዎች ክፍል ውስጥ ለዚሁ ሲባል የተለየ ሳህን ተሠርቶ ነበር። ይሄ ተደብቆ የኖረ ምስጢር አይደለም። ራንዲ ሮሜሮ የሚባለው ታላቅ የሉዊዚያና ጆኪ በ1983 ኦክላውን ፓርክ ላብ ሊያወጣ በገባበት ክፍል እሳት ተነሥቶ ከግማሽ በላይ የሚሆን ሰውነቱ ተቃጠለ። ተርፎ ተመልሶ ጋለበ። በኋላ ኩላሊቱ ደከመ። በ2019 አረፈ። እሱ የዚሁ አገር ተወላጅ ነበር። ረሃቡ ዜጋና ስደተኛ አይለይም ማለት ነው። እምቢ የማለት አቅም ላይ ግን ልዩነት አለ። እሱን ትንሽ ቆይቼ አነሳለሁ።

መጀመሪያ ያየሁትን ልንገራችሁ።

ካፌው የሚከፈተው ሌሊት 10 ሰዓት ተኩል ላይ ነበር። ቀድመው የሚመጡት ባልደራሶቹ ናቸው፤ ከጓቲማላ፣ ከሜክሲኮ፣ ከፔሩ። እንቁላል፣ ባቄላ፣ ቶርቲያ፣ ሚጥሚጣችንን የሚያስንቅ የቃሪያ ስልስ። ጠግበው ይወጣሉ። ቀጥሎ ማለዳ ማለዳ ፈረሶቹን የሚያለማምዱት ጋላቢዎች ይመጣሉ። እነሱም ይበላሉ። ከዚያ ጆኪዎቹ። ጥቁር ቡና። አንዳንዱ ነጩን የእንቁላል ክፍል ብቻ ያዝዛል። አንዳንዱ ብርጭቆ በረዶ ይዞ እየቆረጠመ ይቀመጣል።

ከመካከላቸው አንድ የፓናማ ልጅ ነበር። እሱ በስፓኒሽ፣ እኔ በተሰባበረ ስፓኒሽ እናወራለን። ሁልጊዜ የሚጠይቀኝ «ትናንት ቤትህ ምን በላህ?» ብሎ ነው። እነግረዋለሁ። ዶሮ ወጥ ከሆነ ሽንኩርቱ ስንት ሰዓት እንደሚቁላላ፣ ቅቤው መቼ እንደሚገባ፣ እንቁላሉ እንዴት እንደሚተለተል ሁሉ ያስዘረዝረኛል። ምራቁን ሲውጥ ጉሮሮው ይታየኛል። ከዚያ አመሰግናለሁ ብሎ ባዶ ሆዱን ወደ ላስቲክ ልብሱ ይሄዳል። አንድ ቀን ዐቢይ ፆም ነበርና ፆም ላይ ነኝ አልኩት። ስንት ቀን አለኝ። 55 አልኩት። «ከዚያስ?» አለ። ከዚያ ፋሲካ ነው፣ እንበላለን አልኩት። ትንሽ ዝም ብሎ «የኔ መቼ እንደሚያልቅ አላውቅም» አለኝ።

ያ ልጅ ያኔ ሃያ ዓመት አልሞላውም። ፆም በፈቃድ ነው፣ ቀን አለው፣ ቤተሰብ አብሮ ይፆመዋል፣ የታመመ ይፈታል። እሱ ላይ ያየሁት ከዚህ አንዱም የለውም።

አሁን ስለ ስደተኛነቱ። ከላቲን አሜሪካ የሚመጣ ጆኪ ብዙውን ጊዜ የሚገባው በስፖርተኛ ቪዛ ነው። ሥራው ከቆመ ቪዛውም አደጋ ላይ ነው። ደሞዝ የለውም። በሕግ ዓይን የግል ተቋራጭ ነው፣ የማንም ሠራተኛ አይደለም። ካሸነፈ ከሽልማቱ 10 በመቶ አካባቢ ያገኛል፤ ካልተሳካለት ለግልቢያው መቶ ዶላር አካባቢ ነው። ከዚያ ላይ ፈረስ የሚያፈላልግለት ኤጀንቱ ሩቡን ይወስዳል። ኮርቻና ልብሱን የሚያሰናዳለት ረዳትም ድርሻ አለው። ከተረፈው ደግሞ እናት አገር ቤት ትጠብቃለች። አሜሪካ ያለን ሐበሾች ይሄን ስሌት ማንም ሊያስረዳን አያስፈልግም። በወሩ መጨረሻ ምን ላክህ የሚል ስልክ የሁላችንም ነው።

ይህ ልጅ አንድ ቀን ሦስት ፓውንድ አልፎ ቢገኝ ምን ይሆናል? አሠልጣኙ አይጮህበትም፣ አይቀጣውም። ለሌላ ይደውላል። በቃ። ሌላው ልጅ ደግሞ በዚያው ሳምንት ከፓናማ ወይ ከቬኔዙዌላ የመጣ ነው። በእንዲህ ዓይነት ቦታ «ሰውነቴ አልቻለም» የሚል ደፋር ከየት ይመጣል? ማኅበራቸው ከ1940 ጀምሮ አለ፤ ብዙ ነገር አስገኝቷል፣ አከብረዋለሁ። ነገር ግን ቁጥሩ ሚዛኑ ላይ እስካለ ድረስ እያንዳንዱ ጆኪ ከቁጥሩ ጋር ብቻውን ነው።

አደጋው ደግሞ ቀልድ አይደለም። አምቡላንስ በየውድድሩ ከኋላ ከኋላ የሚከተለው ስፖርት ነው። ፈረሱ ግማሽ ቶን ይመዝናል፣ በሰዓት ወደ 60 ኪሎ ሜትር ይሮጣል። ጋላቢው በጣቶቹና በጉልበቱ ሚዛኑን ጠብቆ፣ ፊት ለፊቱ የሚከፈተውን ቀዳዳ በዓይን ጥቅሻ መወሰን አለበት። ውኃ የጠማው አእምሮ ይዘገያል። የደረቀ ሰውነት ሲወድቅ ይበልጥ ይጎዳል። በ2014 የሉዊስ ሳኤዝ ታናሽ ወንድም ሁዋን ሳኤዝ ኢንዲያና ውስጥ በውድድር ላይ ወድቆ ሞተ። 17 ዓመቱ ነበር። የእሱን ሞት ከክብደት ጋር አላገናኘውም። ዕድሜውን ግን ልብ በሉልኝ። በዚህ ዕድሜ ያሉ ልጆች ናቸው ለእናንተ ሜዳ የሚጋልቡት። ለነሱ የሚከራከር አባት ወይም እናት አጠገባቸው የለም።

ሥራችሁን አልክድም። ሂሳ በ2022 የደህንነት ሕጎቹን ሥራ ላይ ካዋለ ወዲህ ብዙ ነገር ተስተካክሏል። የፈረሱ ደም ይመረመራል። ከውድድር በፊት ሐኪም እግሩን ይፈትሻል። አለንጋ በአንድ ውድድር ከስድስት ጊዜ በላይ ማሳረፍ ክልክል ነው። በ2025 ኬንታኪ ደርቢን ያሸነፈው ጁኒየር አልቫራዶ፣ እሱም ከቬኔዙዌላ የመጣ ነው፣ ፈረሱን ሶቨሪንቲን ስምንት ጊዜ መታ ተብሎ 62,000 ዶላርና የሁለት ቀን እገዳ ተፈረደበት። ፈረስ ሲመታ አልወድም፤ ሕጉ ልክ ነው እላለሁ። የምለው እንዲህ ነው። በፈረሱ ላይ ያረፈውን ሁለት ትርፍ አለንጋ በቪዲዮ ቆጥሮ ያገኘ መሥሪያ ቤት፣ ሰውየው ስንት ቀን እንዳልበላ ሊቆጥር ይችላል። ዓይኑም መሣሪያውም አለው።

ሁሌ የሚሰጠው መልስ ይታወቃል። «ክብደት ከጨመረ የፈረሱ እግር ይጎዳል» ይባላል። ይህን መልስ ካፌዬ ውስጥ በየማለዳው የሚቀመጡት ሰዎች ያፈርሱታል። ማለዳ ፈረሶቹን የሚያለማምዱት ጋላቢዎች ብዙዎቹ 140 እና 150 ፓውንድ ናቸው። ያው ፈረስ፣ ያው ሜዳ። በሳምንት ስድስት ቀን እነሱን ተሸክሞ ይሮጣል። ታዲያ በውድድሩ ቀን አምስት ፓውንድ ተጨማሪ እንዴት ነው የሚሰብረው? ደርቢው ራሱ ከ1920 ጀምሮ 126 ፓውንድ ነው። በዓመቱ ትልቁ ውድድር ላይ፣ የዓለም ዓይን እያየ፣ የሦስት ዓመት ፈረሶች ያን ክብደት ይዘው ሁለት ኪሎ ሜትር ይሮጣሉ። ረቡዕ ከሰዓት በባዶ ሜዳ ለሚደረግ ውድድር ግን ያ ክብደት ይበዛል ይባላል።

ሌሎች አገሮች እርምጃ ወስደዋል። ብሪታንያ በ2020 በኮቪድ ምክንያት የሜዳዎቿን ሳውናዎች ዘጋች። ጆኪዎቹም ትንሽ የክብደት ማቃለያ ተሰጣቸው። ወረርሽኙ ሲያልፍ ሳውናዎቹ አልተከፈቱም። እሽቅድምድሙ ቀጠለ። ፈረሶቹም ይሮጣሉ።

ስለዚህ የምጠይቀው ይህን ነው። በተራ ውድድሮች ዝቅተኛው ልክ ቢያንስ በአምስት ፓውንድ ይነሳ፤ በአንድ ክፍለ ግዛት ብቻ ሳይሆን በሁሉም፣ በአንድ ቀን። አንዱ አንስቶ ሌላው ከተወው ጆኪው ነገም ወደ ዝቅተኛው ሚዛን ለመውረድ ይራባል። ለተለማማጆች የሚደረገው ቅናሽ ይቀጥል፣ ግን ከአዲሱ ከፍ ካለው ልክ ላይ ይቀነስ፤ ዕድሜያቸው ከ20 በታች ለሆኑት ደግሞ ወለል ይበጅለት፣ ከዚያ በታች ማንም እንዳይወርድ። ሳውናዎቹን ቀን ቆርጣችሁ ዝጉ። ልኩ ሳይነሳ ግን አትዝጓቸው፤ ያኔ ልጆቹ ኪኒኑን ያበዛሉ። ከውድድር በፊት የሚደረገው ምርመራ ውስጥ የውኃ እጥረት ምርመራ ይግባ። ውጤቱ ጆኪውን ለመቅጣት አይሁን። ለዕለቱ አሳርፉት፣ የግልቢያውንም ክፍያ ስጡት፤ አለዚያ ይደብቃል። የምግብ ባለሙያ በየሜዳው ይመደብ፣ ስፓኒሽ የሚናገር። ይህን የመጨረሻውን ተራ ነገር አድርጋችሁ አትዩት። በማላውቀው ቋንቋ ስለ ሰውነቴ ምክር ሲሰጠኝ ራሴን ነቅንቄ ከክሊኒክ የወጣሁባቸውን ቀናት አስታውሳለሁ፤ ምንም አልገባኝም ነበር።

ለወገኖቼ ደግሞ ጥቂት ቃል። እኛ ፈረስ የምናከብር ሕዝብ ነን። ጀግኖቻችንን በፈረሳቸው ስም አባ ዳኘው፣ አባ ታጠቅ፣ አባ ነፍሶ ብለን እንጠራለን። እንጅባራ ላይ በጥር የአገው ፈረሰኞች ሲወጡ አገር ይነቃነቃል። ይህ ፍቅር እዚህም ተከትሎን መጥቷል፤ ቅዳሜ ሜዳ የሚሄዱ ብዙ ጓደኞች አሉኝ። በሌላ በኩል የኛ ልጆችም በእግራቸው ለባህሬን፣ ለቱርክ፣ ለሆላንድ ሮጠዋል። በሰው አገር ባንዲራ ወይም በሰው ፈረስ እንጀራን መፈለግ ምን እንደሆነ እናውቃለን። ስለዚህ ተመልካች ብቻ አንሁን። የሂሳ ሕጎች ሥራ ላይ የሚውሉት የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ለሕዝብ አስተያየት ክፍት አድርጎ ሲያጸድቃቸው ነው። አስተያየቱን ማንም ሰው መጻፍ ይችላል። ስለ ክብደት የሚነሳ ነገር ካለ ጻፉ። ሁለት መስመር ይበቃል።

ኃላፊዎች ሆይ፣ የፓናማው ልጅ አሁን እኔ ወደነበርኩበት ሜዳ አይመጣም። ወዴት እንደሄደ ስጠይቅ «ክብደቱ አስቸገረው» አሉኝ። ሌላ ልጅ በእሱ ቦታ ገብቷል። ለዚህኛው ልጅ የምትነግሩትን መልስ በይፋ እንድታወጡት እጠይቃለሁ፤ ልኩን ታነሳላችሁ ወይስ አታነሱም፣ ካላነሳችሁም በምን ምክንያት።

ከአክብሮት ጋር፣
በሜዳው ጓሮ ምግብ ያበስል የነበረ